የእትዬ ዘሃራ ጎሚቶ

ጎሚቶዋን የሰበርኋት እኔ አይደለሁም። ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ ክረምት፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ሰው በሞላበት ሻይ ቤት መካከል አቁመው «አንጓች ሰበረችው» ብለው ፈረዱብኝ። ፍርዱ ሐሰት ነበር። ቅጽል ስሙ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ገበያ ስወርድ የጥንት ሰዎች አሁንም «ጎሚቶ! እንደምን አደርሽ?» ይሉኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ እመልሳለሁ፤ ሰላምታ አይከለከልም። ነገር ግን በየሰላምታው ያ ፍርድ እንደ አዲስ ይነበብብኛል።

ጎሚቶ ለማያውቅ ሰው፦ የውሃ ሠራተኞች ሁለት ቱቦ የሚያገናኙባት፣ እንደታጠፈ ክርን ያለች ዕቃ ናት። የእኛዋ ከአውራ ጣት አትበልጥም ነበር፤ ነጭ፣ ልሙጥ፣ የሕፃን ጥርስ የመሰለች።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሕሊና የዓሣ ሣጥኗን ስታጥብ ደረስሁ። እሷ ሦስት ዓሣ በመስታወት ሣጥን ታኖራለች፤ ውሃ የሚያወጣና የሚያስገባ ቱቦም አላት። ቱቦው ከጎሚቶው ላይ ደርቆ ተጣብቆባት፣ ፒንሳ ይዛ ልትጎትተው ስትል አገኘኋት።

«ተይ!» ብዬ ጮህሁ። «ትሰብሪዋለሽ!»

«እማማ ደግሞ! ሳብ ባደርገው ይለቃል እኮ።»

«መጀመሪያ ግፊው።»

«ልነቅለው እኮ ነው የፈለግሁት!»

«እኮ! ለመንቀል መጀመሪያ ይገፋል። ሙቅ ውሃ አምጪ።»

የቱቦውን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርነው። አንድ አባታችን ሆይ ደገምሁና አወጣሁት፤ ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋ፣ ወደ ቀኝ ዞር፣ ወደ ግራ ዞር፣ ከዚያ በማንኪያ እጀታ ከንፈሩን ዙሪያውን ገለጥ ገለጥ። ቱቦው እንደ ካልሲ ተገፈፈ። ሕሊና አፏን ከፍታ አየችኝ። እኔ ግን እሷን አላየኋትም። የሞቀው ቱቦ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ እትዬ ዘሃራ ሻይ ቤት አድርሶኝ ነበር።

* * *

ያን ክረምት ከዲማ ገጠር ወደ ማርቆስ የመጣሁት አክስቴ አራስ ስለነበረች ልላላክላት ነው። የአክስቴ ቤት ግን በጎረቤት ሴቶች ተሞልቶ ለእኔ ሥራ አልነበረም። ሕፃኑን ልይዝ እጄን ስዘረጋ «ዞር በይ፣ አንቺ ልጅ!» ነው። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ዘሃራ ሻይ ቤት። እትዬ ዘሃራ ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ ፈገግታዋ የዘገየ፣ ቁጣዋ የፈጠነ ሴት ነበረች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ፋጡማ። ፋጡማ በአንድ ወር ትበልጠኝ ነበር፤ ያቺን አንድ ወር እንደ አንድ ዘመን ነበር የምትቆጥራት።

ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ከባንኮኒው ጎን፣ የመስታወት ሣጥን ነበር። በሣጥኑ ውስጥ አምስት ወርቅማ ዓሦች። ሹፌር የሆነው የእትዬ ዘሃራ ወንድም ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ጭኖ፣ የዓባይን በረሃ በጭኑ አቅፎ ያሻገረው ሣጥን ነው ይባላል። እኔ ዓሣ አይቼ የማውቀው ደርቆ ገበያ ላይ ነው። እነዚህ ግን ሰውን ያያሉ፤ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚናገሩ፣ ግን መስታወቱ ድምፃቸውን ያስቀረባቸው መሰለኝ። ጆሮዬን ለጥፌ ቆየሁ። ምንም የለም። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፤ በየቀኑ ዳቦ ፍርፋሪ የሚበሉት ለበዓል ሊታረዱ ነው።

«እትዬ ዘሃራ፣ እነዚህ የእስላም ናቸው የክርስቲያን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ምኖቹ?»

«ዓሦቹ። የእስላም ከሆኑ እኔ አልበላቸውም፤ እንዳይጠብቁኝ ብዬ ነው።»

እትዬ ዘሃራ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጣ ተቀመጠች። ሳቋ ሲመጣ ቆይቶ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን አልቆምም አለ። «ልጄ፣ ዓሣ ቢላዋ አያውቀውም። ለማንም ሃይማኖት አይታረድም። እነዚህን ደግሞ ማንም አይበላቸውም፤ ለዓይን ናቸው።» ለዓይን ብቻ የሚኖር ፍጥረት መኖሩን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ደስ አለኝ። በእኛ ቤት ላሟም፣ ዶሮዋም፣ እኔም ሥራ ነበረን።

* * *

ያ ክረምት ረመዳንና ፍልሰታ የተነካኩበት ክረምት ነበር። ረመዳኑ ቀደመ። እትዬ ዘሃራ ትጾማለች፤ ፋጡማም «ዘንድሮ ሙሉ ቀን ነው የምጾመው» ብላ በግትርነት ገባችበት። ሻይ ቤቱ ግን ለክርስቲያን ደንበኞች ከመጋረጃ ጀርባ ይሠራ ነበር። የሻዩን ስኳር የሚቀምስ ሰው ጠፋ! መጀመሪያ እኔ ቀማሽ ሆንሁ። በኋላ ፍልሰታ ሲገባ እኔም ከቀማሽነት ወረድሁ፤ ያኔ ሦስታችንም ጿሚ፣ ቀማሽ የሌለው ሻይ ቤት ሆነን ደንበኛውን «ጣፈጠ?» እያልን እንጠይቅ ጀመር። አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ስኳር እያስጨመረ «ገና ነው» ይለን ነበር።

የቱቦውም ሥራ ለእኔ የደረሰኝ በረመዳኑ ምክንያት ነው። የዓሣው ውሃ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይቀየራል። አንደኛው ቱቦ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ከመስታወቱ ከንፈር ላይ፣ ቱቦው ተጣጥፎ እንዳይታነቅ፣ ጎሚቶዋ ትቀመጣለች፤ ከእሷ ሌላው ቱቦ ወደ ባልዲው ይወርዳል። ከዚያ አንድ ሰው የታችኛውን ጫፍ በአፉ ይስበዋል። ውሃው መምጣት ከጀመረ በኋላ ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ወጥቶ፣ ከንፈሩን ተሻግሮ፣ ቁልቁል ይፈስሳል። እንግዲህ የጾመ ሰው ቱቦ በአፉ መሳብ አይችልም፤ ውሃ ቢገባስ? «አንጉ፣ አንቺ ሳቢው» ተባልሁ።

እትዬ ዘሃራ ከረመዳን በፊት ስትስበው አይቻት ነበር። ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ብላ ነው የምትጀምረው። ውሃውን ሽቅብ የሚያወጣው ያ ቃል እንደሆነ አልተጠራጠርሁም፤ ያለዚያማ ውሃ መቼ ሽቅብ ሄዶ ያውቃል? ተራዬ ሲደርስ ጨነቀኝ። ያንን ቃል ብል አክስቴ ትሰማ ይሆን? ባልለውስ ውሃው እምቢ ቢል? ዓይኔን ጨፍኜ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልሁና ሳብሁ። ውሃው መጣ። ያውም እስከ ጉሮሮዬ ድረስ! እያሳለኝ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ባልዲው ሲሞላ አየሁ። ውሃው ለሁለታችንም ይታዘዛል ማለት ነው። ይህን ለፋጡማ በሹክሹክታ ነገርኋት። በጣም አሰበችበትና «ለዓሦቹ ብሎ ነው» አለችኝ።

ውሃው ካለቀ በኋላ ዋናው ሥራ ይመጣል። ቱቦዎቹ ከጎሚቶዋ ላይ ተነቅለው መታጠብ አለባቸው፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያድራል፣ ከሰነበተም ይገማል። ጎሚቶዋ ደግሞ በማርቆስ ከተማ አንዲት ናት። ከተሰበረች ሌላዋ አዲስ አበባ ነው ያለችው፤ መንገዱ ደግሞ ክረምት ነው።

እትዬ ዘሃራ እጄን በእጇ ይዛ አስተማረችኝ። «ጎማ እንደ ሰው ነው፤» ትለኝ ነበር፣ «በብርድ ይጨማደዳል፣ ሲሞቀው ልቡ ይላላል። ደርሰሽ ከጎተትሽው ይባስ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። አሙቂው። ከዚያ ወደማይፈልገው አትውሰጂው፤ ወደሚፈልገው ወደ ውስጥ ግፊው። አሸነፍሁ ብሎ ሲላላ፣ ያኔ ዞር አድርጊው።» በማንኪያ እጀታ ከንፈሩን መግለጥ፣ ሲመለስ ደግሞ በጣት ጫፍ ቅቤ ቀብቶ ማስገባት። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ብቻዬን ነቀልሁት። እትዬ ዘሃራ ለደንበኞቿ ጎሚቶዋን ከፍ አድርጋ አሳየችና «የዲማ ሰው እጅ ነው!» አለች። ያን ቀን ለአክስቴም፣ ለጠያቂዎቿም፣ ለሕፃኑም ነገርሁ። የራሴ የሆነ፣ ሌላ ሰው የማይችለው ሥራ ነበረኝ።

ፋጡማ በዚህ ቀናች? አልቀናችም። በጾም ዝላ ከባንኮኒው ሥር ጆንያ ላይ ተጋድማ ታየኝ ነበር። «ደከመሽ?» ስላት «ዓይኔን እያሳረፍሁ ነው» ትላለች። እኔም የእሷን መጥረግ እጠርግላታለሁ፣ ከቦኖ የእሷን ውሃ እቀዳላታለሁ። ይህን ለውለታ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ነገሩ እንዲገባችሁ ነው።

* * *

ፍልሰታ ሲገባ እኔ ከአክስቴ ጎረቤቶች ጋር ቅዳሴ መቆም ጀመርሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የለም። ዝናብ ላይ ቆሜ፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ግን ኩራቴ ሌላ ነበር። ረመዳኑም አልቆ ፋጡማ በኢዱ አዲስ ቀይ ሻሽ አስራ ትዞራለች።

ችግሩ ቅቤው ነው። ጾም ላይ ቅቤ በጣቴ ልነካ? ጣቴን የመላስ ልማድ አለብኝ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። «እትዬ ዘሃራ፣ እኔ ቅቤ አልነካም» አልሁ። «በምን ታስገቢው ታዲያ?» «በኑግ ዘይት።» ፊቷን አጨማድዳ አየችኝና «እንግዲህ እንዳልሽ» አለች። በኑግ ዘይት አስገባሁት። እንደ ቅቤው ባይሆንም ገባ።

በተከተለው ቅዳሜ ከቅዳሴ ስመለስ ልብሴ ረጥቦ ነበር። ፋጡማ በር ላይ ቆማ ቆሎ ሰጠችኝና «ዛሬ ይቅር፣ ነገ ታጥቢዋለሽ» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አልኋት። ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ሙቅ ውሃ ቀዳሁ፣ ነከርሁ፣ ጠበቅሁ፣ ገፋ አደረግሁ። ምን ላድርግ ከዚያ! ገና ሳልስበው፣ ገና ሳላዞረው፣ ቱቦው በእጄ ላይ ውልቅ አለ። የጎሚቶዋ አንድ ክንድ ከቱቦው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። ስንጥቁ ነጭ፣ ደረቅ።

ድምፅ አላሰማሁም። ድምፅ ያሰማችው እትዬ ዘሃራ ናት።

በሻይ ቤቱ ማዕዘን ሁልጊዜ የሚቀመጡ ባሻ አላምረው የሚባሉ የጡረታ ሰው ነበሩ። ዝናብ ሲበዛና ወሬ ሲያልቅ ለመፍረድ ነገር ይፈልጉ ነበር። በትራቸውን መሬት ላይ መቱና «ነገሩ በሥርዓት ይታይ!» አሉ። ደንበኛው ሁሉ ወንበሩን አዞረ። ተከሳሽ መካከል ቆምሁ።

«ጎሚቶዋ በማን እጅ ተሰበረች?»

«በእጄ ተገኘች እንጂ በእጄ አልተሰበረችም፣ ባሻ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው? በእጅሽ ተገኘች፣ በእጅሽ ተሰበረች።»

እኔ ደግሞ ከአራስ ቤት የመጣሁ ነኝ፤ የሴቶቹን ወሬ ስሰማ ነው የከረምሁት። «ባሻ፣» አልሁ፣ «መንገደኛ እርጉዝ ደጃፍዎ ላይ ምጥ ይዟት ብትወልድ፣ ያስረገዟት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

ሻይ ቤቱ ፈረሰ። አንዱ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። «ረታችዎ! ባሻ፣ ረታችዎ!» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እትዬ ዘሃራ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ፋጡማ መጋረጃው ሥር ቆማ፣ በቀይ ሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ፣ ዓይኗ እንደ ብርጭቆ ፈጥጦ ታየኛለች። አድንቃኝ ነው አልሁ። ይበልጥ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

ባሻ ግን በትራቸውን ደግመው መቱ። «በምን ቀብተሽ ነበር ያስገባሽው?»

«በኑግ ዘይት።»

«ቅቤ ቀርቦልሽ?»

«ጾም ነው፣ ባሻ።»

«ኑግ ሲደርቅ ሙጫ እንደሚሆን ያላወቀ የጎጃም ሰው አለ? ጾምሽ ይድረስልሽ፤ ጎሚቶዋን ግን ኑግሽ አጣብቆ ሰብሯታል። ፈርጃለሁ።» ፍርዱም አዲስ ጎሚቶ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ የዓሣውን ውሃ በጣሳ እየጨለፍሁ እንድቀይር ነው።

«ስነካው የላላ ነበር!» አልሁ። «የተጣበቀ ነገር ይላላል?» ማንም አልሰማኝም፤ ሳቁና ዝናቡ በዝቶ ነበር። ማምሻውን ስሜ ጎሚቶ ሆነ።

* * *

ተቀጣሁ ብዬ አልዋሽም፤ ያ ጣሳ የክረምቱ ደስታ ሆነ። ፋጡማ ማንም ሳያዝዛት መጥታ ሌላ ጣሳ ያዘች። እኔ ስጨልፍ እሷ ትደፋለች፣ እሷ ስትጨልፍ እኔ እደፋለሁ። አንድ ቀን ትንሹን ዓሣ ሳናየው በጣሳው ጨልፈን ባልዲ ውስጥ ከተትነው፤ ሁለታችንም ክንዳችን እስከ ብብታችን ባልዲ ውስጥ ገብቶ፣ «እዚህ! እዚህ!» እየተባባልን፣ ወለሉ ጎርፍ ሆኖ፣ በመጨረሻ ፋጡማ በሻሿ ጠቅልላ አወጣችው። አዲሱ ሻሽ ዓሣ ዓሣ እንደሸተተ ቀረ። ሻሿን ሳሸትባት «የኢድ ሽቶዬ ነው» ትላለች። ከእኔ ጋር ልትደክም የመጣችው ስለምትወደኝ ነው አልሁ። አልተሳሳትሁም፤ ግን ሙሉውን አላወቅሁም።

መስከረም ሲጠባ ሹፌሩ የፋጡማ አጎት አዲስ ጎሚቶ ይዞ መጣ። እትዬ ዘሃራ ጠርታ «በይ፣ ሥራሽን ያዢ» አለችኝ።

«ፍርዱ ካልተሻረ አልነካም።»

«አንቺ ልጅ! የባሻን ፍርድ ማን ይሽራል?»

«እንግዲያው አልነካም» ብዬ እጄን ወደኋላዬ አጣጠፍሁ። በዚህ መካከል ፋጡማ ከአሮጌዋ ስባሪ ላይ ያልተነቀለውን ቱቦ አነሳችና «እኔ አለሁ» ብላ፣ ሳታሞቅ፣ ሳትገፋ፣ በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ አድርጋ ጎተተች። «ግፊ! ግፊ እንጂ!» ብዬ ዘልዬ ነጠቅኋት። እጄን መልሼ ላጣጥፍ አልቻልሁም፤ ሥራው ተመለሰልኝ። ፍርዱ ግን ሳይሻር ወደ ዲማ ተመለስሁ። ያን ዕለት ዓይኔ ሥር የነበረውን አላየሁም።

* * *

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሕሊናን «ይህችን ጎሚቶና ቁራጭ ቱቦውን ለሰኞ አውሺኝ፣ ለፋጡማ ላሳያት» አልኋት። «እማማ፣ ሌላ የለኝም፣ አደራ» አለችኝ። ቱቦውን መልሼ በጎሚቶዋ ላይ አልብሼ፣ በመሐረቤ ቋጥሬ ገበያ ወረድሁ።

ፋጡማ ዛሬ እዚያው ማርቆስ ገበያ የቅመም ሱቅ አላት። በባንኮኒው ላይ ዘርግቼ አሳየኋት። እንዴት ሳቀች! የእናቷን ነገር፣ የባሻን በትር፣ የሻሿን ሽታ እያነሳን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። «እስቲ አምጪው» አለችና ተቀበለችኝ። ቱቦውን በአንድ እጇ፣ ጎሚቶዋን በሌላው ይዛ፣ ቀዝቃዛውን፣ ቀጥ አድርጋ ጎተተችው።

ቋ!

የጎሚቶዋ ክንድ ቱቦው ውስጥ ቀረ። ስንጥቁ ነጭ፣ ደረቅ። ሁለታችንም አየነው።

«ለልጅቱ እኔ እንደሰበርሁት ንገሪያት፣» አለች ፋጡማ ቀስ ብላ፣ «አሁንስ አልደብቅም።»

«አሁንስ?» አልኋት።

ስባሪዎቹን በመሐረቤ ላይ ሰበሰበች።

«ፋጡማ! አሁንስ ማለት ምንድን ነው?»

የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆየች፤ ልክ እንደዚያን ቀን። «ረመዳን ሙሉውን አንቺ ሳብሽልኝ» አለች። «አንቺ ጾም ስትይዢ እኔ ደግሞ አጥቤ ልጠብቅሽ፣ ርቧት ነው የምትመጣ ብዬ ነው። ጎተትሁት፤ ቋ አለ። ቱቦውን መልሼ አለበስሁትና ነገ ለእማዬ እነግራለሁ አልሁ። ዛሬ ይቅር ብልሽ እምቢ አልሽኝ።»

«ያን ሁሉ ሰው ፊት ብቻዬን ቆሜ?» አልሁ። ድምፄ ገበያውን ሳያዳርስ አልቀረም። «መጋረጃው ሥር ሆነሽ እያየሽኝ? ለምን አልተናገርሽም?»

«ልናገር አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር፣ ወላሂ። በዚህ መካከል ለባሻ ያንን የእርጉዟን ነገር ነገርሻቸው፤ ሰውም ሁሉ ረታች ብሎ ጮኸ። እኔም አመንሁ። የረታ ሰው ምስክር ምን ያደርግለታል ብዬ ነው፣ አንጉ።»